ለሰመር የተጠበቁ ቆሮሶዎች

ባሌ ከሞተ በኋላ በግቢያችን ውስጥ ከእኔ ሌላ ነፍስ ኖሯቸው የቀሩት ዓሦች ነበሩ። ድመት አልወድም፤ ውሻችን ደግሞ ከእሱ ቀድማ ሄዳለች። ከቤቱ ጀርባ ቡናውንና እንሰቱን አልፎ መሬቱ ወደ ጅረቱ ሲያዘቀዝቅ፣ እሱ ያስቆፈረው ኩሬ አለ። ውኃው አረንጓዴ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ባዶ ይመስላል። ጣሳ ሲመታ ግን ዓሦቹ፣ ቆሮሶዎቹ፣ ከየጥጉ እየተሻሙ ይመጡና አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። እኔም ጠዋት ጠዋት ፉርሽካና ፋጉሎ ቀላቅዬ እወርዳለሁ፣ ጣሳውን እመታለሁ፣ "ደኅና አደራችሁ?" እላለሁ። ሚዛን ተፈሪን የሚያህል ከተማ መሀል እየኖርኩ፣ በቀኑ የመጀመሪያው ሰላምታዬ ለዓሣ ነበር።

ዓሣው የእኔ ሐሳብ አልነበረም። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሳይንስ ያስተማረ ሰው ነው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ የዕድር ዳኛ ይሆናል፣ ወይም ደጀ ሰላም ያዘወትራል፤ የእኔው ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። ያን ጊዜ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ በመስኮት እያየሁት፣ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም?" አልኩት።

"ዘንዶው ቢወጣም አንቺን ሲያይ ይመለሳል" አለኝ።

የዓሣ ጫጩቶቹን ያመጣቸው ከቴፒ ነው፤ አየር በተሞላ ትልቅ ፌስታል ውስጥ አድርጎ፣ በሚኒባስ። የመኪናው ረዳት "ፋዘር፣ ዕቃውን ከላይ ልስቀልልዎት" ቢለው፣ "ዕቃ አይደለም፣ ሕዝብ ነው" ብሎ እስከ ሚዛን ድረስ ጭኑ ላይ አቅፎ መጣ። ይህን ያወራልኝ እሱ አይደለም፤ በዚያው መኪና የተሳፈረች ጎረቤታችን ናት። ባለሱቅ ናት፣ ቤተሰቦቿ ከጅማ የመጡ፣ በወሬ የማትታማ ነገር ግን ወሬ የማታሳልፍ ሴት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌን "ጋሼ፣ ሕዝቡ እንዴት አደረ?" እያለች ትጠይቀው ነበር።

እሱም በቃ ውሎው እዚያ ሆነ። ምሳ ሲቀርብ በጩኸት ነው የሚጠራው። "ትዳራችንን ውኃ በላው" እለው ነበር፤ ይስቃል እንጂ አይመልስልኝም። ስልኩን ይዞ ወርዶ ኩሬውን ለልጃችን ያሳየዋል። አንድ ልጅ ነው ያለን፤ አውስትራሊያ ነው የሚኖረው፣ እዚያው አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። አባትና ልጅ ድሮ ብዙ አያወሩም ነበር። ዓሦቹ ከመጡ ወዲህ ግን "ያ ትልቁ የታለ? ዛሬ በሉ?" እየተባባሉ ሲያወሩ እሰማ ነበር። ስለ ዓሣ ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ልብስ እየሰፋሁ ስሰማቸው የሚነጋገሩት ስለ ዓሣ ብቻ አይመስለኝም ነበር።

ባሌ የሞተው ጫጩቶቹ መዳፍ ካከሉ በኋላ፣ አንዱንም ሳይቀምስ ነው። ታሞ አልተኛም። ጠዋት ወርዶ አብልቷቸው መጣ፣ ደከመኝ አለ፣ ጋደም አለ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ለቀስተኛው ብዙ ነበር። ከአማን፣ ከቴፒ፣ ከማሻ ሳይቀር ያስተማራቸው ሰዎች መጡ። ድንኳኑ እስኪፈርስ ሰው አልተለየኝም። ልጄ ግን አልመጣም። የወረቀት ጉዳይ ነበረበት፤ ከዚያ አገር ከወጣ መመለሻው የሚያስቸግር ነገር ነበር፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ አርባው አለፈ። አልፈረድኩበትም። የከነከነኝ ሌላ ነው። መርዶውን በስልክ ሲሰማ "እሺ" አለ። "እሺ እማ፤ በርቺ" አለ። ከዚያም በየሳምንቱ እየደወለ ስለ ደም ግፊቴ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ልጁ ጥርስ ያወራኛል፤ "አባዬ" የምትለዋ ቃል ግን ከአፉ ጠፋች። ዓሦቹንም መጠየቅ ተወ።

እኛ ዘንድ የሞተን ሰው ማልቀስ ለሟቹ ብቻ አይደለም፤ ለራስም ነው። ያላለቀሰ ሰው እርሙን አላወጣም ይባላል፤ ሐዘኑ ውስጡ እንደ ታመቀ ይቀራል። ሰው ከሩቅ አገር ዓመት ቆይቶም ቢመጣ፣ ገና ከበር ሲገባ እንደ አዲስ ይለቀሳል፤ ደጋፊዎቹ ግራና ቀኝ ይይዙታል፣ አዛውንቶቹ "ተዉት፣ እርሙን ያውጣ" ይላሉ። እኔ የፈለግሁት ያንን ነበር። ልጄ በቤቴ በር ገብቶ እንዲያለቅስ። ከዚያ ወደ ኩሬው ወርዶ የአባቱን ዓሣ በእጁ አውጥቶ እንዲበላ። ገንዘብም መድኃኒትም አልፈለግሁም። ይህ እስኪሆን ድረስ የእኔም ሐዘን በሩ እንዳልተዘጋ ቤት ሆኖብኝ ነበር።

እዚህ አገር ዝናብ ክረምትን አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ያለ ነው። ክረምት የምንለው የሚብስበትን ነው። ቤቴ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ስልክ ማውራት ማለት ወፍጮ ቤት ገብቶ ምስጢር ማውራት ማለት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ደወለ፣ ዝናቡም አብሮት መጣ። ስልኩን በአንድ ጆሮዬ ላይ ደፍኜ ሌላውን በጣቴ ይዤ፣ "ምን አልክ? ምን አልክ?" እላለሁ።

"ሰመር ላይ እንመጣለን" አለኝ። "ሦስታችንም።"

"መቼ?"

"ሰመር ላይ! ልጅቷ ትምህርት ስትጨርስ!"

ከዚያ ተቆረጠ። ስልኩን ይዤ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ ጥሩ ልቅሶ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

ሰመር የምትለዋን ቃል የአስተማሪ ሚስት ታውቃታለች። ባሌ በዲፕሎማ ነበር የጀመረው፤ ዲግሪውን የያዘው በሰመር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሱ ሻንጣውን ይዞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ እኔና ልጄ ዝናቡን ይዘን እንቀራለን። ቤታችን ውስጥ "ሰመር" ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ጭቃ ነው፣ አባት የሌለበት ወር ነው። ልጄ ትንሽ ሳለ "ሰመር መቼ ነው የሚሞተው?" ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ስለዚህ ልጄ ሰመር ላይ እመጣለሁ ሲለኝ መቼ ማለቱ ነው ብዬ አልተጨነቅሁም።

የጨነቀኝ የዓሦቹ ነገር ነው። ከግብርና የሚመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ አለ፤ ባሌን ይወደው ነበር፣ ከሞተም በኋላ እየመጣ ኩሬውን ያያል። ግንቦት ላይ መጣና ጠርዙን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ "እማማ፣ እነዚህ ደርሰዋል" አለኝ። "ክረምቱ ሳይጠና ያውጧቸው። ኩሬው ለጅረቱ በጣም ቀርቧል፤ ጋሼም ይህን ያውቁ ነበር፤ ከክረምት በፊት አውጥቼ ጠርዙን ከፍ አደርገዋለሁ ይሉ ነበር።"

"ልጄ ሊመጣ ነው" አልኩት። "እሱ ሳይመጣ አላወጣም።"

"ጥቂት ትተን ብናወጣስ?"

"ሕዝብ ነው፤ በግማሽ አይወጣም" አልኩት። ሳቀ። ያለኝ ልክ እንደ ሆነ ግን ፊቱ ላይ አየሁት፤ እኔም ልክነቱ አልጠፋኝም ነበር። ሌላ ሰው ቢያወጣቸው፣ ጎረቤት በልቷቸው ቢያልቁ፣ ልጄ መጥቶ ምን ሊያገኝ ነው? ባዶ ጉድጓድ ለማየት ማን ውቅያኖስ ይሻገራል? በዚህ ነገር ከማንም ጋር መከራከር አልፈለግሁም።

ሰኔ ሲያልቅ የእንግዳ መኝታ ቤቱን ነጭ ቀባሁ። ለልጅቷ አበባ ያለበት አልጋ ልብስ ሰፋሁ። ቁመቷን ስለማላውቅ ቀሚስ መስፋት አልደፈርኩም። ልጄን "መቼ ነው ቲኬቱ?" ብዬ ልጠይቀው ስልኩን አነሳና እተወዋለሁ። አንዴ ብቻ በጨዋታ አድርጌ "ቲኬት ቆረጣችሁ?" አልኩት፤ "እያየን ነው እማ፣ ዋጋው እስኪቀንስ ነው" አለ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። እናት ልጇን ና ብላ አትለምንም፤ እኔ እንደዚያ ነው ያደግሁት፤ ኩራቴም አለ፤ ኩራቴ ከደም ግፊቴ በላይ ነው።

ሐምሌ እንዳለ ዝናብ ሆነ። ፀሐይ ስትጠፋ ውኃው ይቀዘቅዛል፣ ቆሮሶም ብርድ አይወድም። ጣሳውን ስመታ ጥቂቶቹ ብቻ ቀስ ብለው ይመጣሉ፣ ትንሽ ይቀምሳሉ፣ ይመለሳሉ። የተረፈው ፉርሽካ ሻግቶ ውኃውን እንዳያበላሽ በወንፊት እለቅመዋለሁ። ጥላ በአንድ እጅ፣ ወንፊት በአንድ እጅ፣ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ እያየችኝ ትስቃለች።

"ወላሂ ጋሼ ቢያይሽ በሳቅ ይሞት ነበር" ትለኛለች፤ ከዚያ አፏን ትይዛለች።

"ሞቷል እኮ" እላታለሁ።

"አላህ ይማረው። እኔ ምለው፣ ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው?"

"ሰመር ላይ።"

"ሰመሩ ገባ እኮ እህቴ። ነገርሽ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን።"

ተቆጣሁ። ሦስት ቀን ሱቋ አልሄድኩም፤ ጨው አልቆብኝ ያለ ጨው በላሁ። በአራተኛው ቀን እሷው ጨው ይዛ መጣች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ብቸኝነት ሰውን ምን ያህል ኩርፊያ እንደሚያስተምረው ያየሁት በዚያ ክረምት ነው። ሰው ቤት ሲሞላ ለመቀየም እንኳ ጊዜ አይኖርም።

የፍልሰታ ጾም ገባ። በዚያው ሰሞን ከቆሮሶዎቹ አንዷ መብላት ተወች። ትልቅ ናት፣ ጅራቷ ላይ ነጣ ያለ ነገር ስላላት ለይቼ አውቃታለሁ። ጣሳ ሲመታ ትመጣለች፣ ግን ራቅ ብላ ትቆማለች፤ አፏ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፣ ጉንጯም ያበጠ ይመስላል። ጥርሷን ያመማት አሮጊት ትመስላለች። ሌሎቹ ሲሻሙ ታያለች እንጂ አትቀምስም። ልትሞትብኝ ነው ብዬ ጎረቤቴን ጠራኋት።

አይታ አይታ፣ "ጾመኛ ናት!" አለች። "የናንተ ሃይማኖት ናት። ፍልሰታን እየጾመች ነው።"

"ጾም ላይ ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ፤ ዓሣው ራሱ ይጾማል የሚል ግን አልሰማሁም።"

"ቆይ፣ ይበላል ወይስ አይበላም? ይሄን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆነን እስካሁን አልገባኝም።"

"እኛም አልተስማማንበትም" አልኳት፤ ሁለታችንም ዝናቡ ውስጥ ቆመን ሳቅን። እኔ አልበላም፤ እናቴ አትበላም ነበር፤ ከዚያ በላይ ምክንያት የለኝም።

ጾመኛዋን በየቀኑ አያት ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ለጥቂት ጊዜ ወጣች። ከጠርዙ አጠገብ፣ ውኃው ጥልቅ በማይሆንበት፣ ቆማለች። ከፊቷ እንደ ጤፍ ብትን ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ጎንበስ አልኩ። ጥላዬ ውኃው ላይ ሲያርፍ አፏን ከፈተች፤ ብትኑ ሁሉ ተሰብስቦ አፏ ውስጥ ገባ። ዘጋች። ዞራ ወደ ጥልቁ ሄደች።

ለካ ልጆቿን ነው የያዘችው። እንቁላሉንም፣ ሲፈለፈሉም፣ አፏ ውስጥ አድርጋ፤ እንዳትውጣቸው ብላ ነው እህል የተወችው። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ይህን ያውቅ ነበር፤ ሳይንስ አስተማሪ ነው፣ እንዴት አያውቅም? ቢኖር "ነይ ነይ ቶሎ ነይ!" እያለ ይጮህ ነበር፣ እኔም "ምሳ እየሠራሁ ነው" እለው ነበር። አሁን ምሳም አልሠራም፤ የሚጠራኝም የለም። እንደዚያ የሚገርም ነገር አይተው ዞር ሲሉ የሚነግሩት ሰው ማጣት፣ ከሁሉም የከፋው ብቸኝነት እሱ ነው። የቀረውን ይለምዱታል።

ስልኬን አወጣሁና ለልጄ በድምፅ ላክሁለት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጾሙን፣ የተዘጋውን አፍ፣ ብትኑን። ብዙ አወራሁ መሰለኝ። ማታ መልስ መጣ፤ ቀይ ልብ። ልብ! እኔ የዓሣ ነገር ስነግረው እሱ ልብ ይልክልኛል። ቄራ የምሠራ መስሎታል እንዴ? ተናድጄ ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። ቢሆንም ሰመር ሊያልቅ ስለሆነ ይምጣና በዓይኑ ያያታል ብዬ ተጽናናሁ።

ጎርፉ የመጣው ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እኛ ጋ ገና ማካፋት ሲጀምር ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ነበር። ጅረቱ ድምፁን ሲቀይር ከቤት ውስጥ ሰማሁት። ስወርድ ውኃው ቡኒ ሆኖ፣ ግንድና ቅጠል ተሸክሞ፣ ከኩሬው ጠርዝ እኩል ደርሷል። ሳፋ ይዤ ነበር፤ በሳፋ ምን ላደርግ እንደ ነበር አላውቅም። አፈር እየዛቅሁ ጠርዙ ላይ መደልደል ጀመርኩ፣ ውኃው ከሥሬ ይወስደዋል። ጎረቤቴ አጥሩን ጥሳ መጣች። ሁለት የሸመገሉ ሴቶች ሻሻችን ወልቆ በጭቃ ስንታገል፣ ባለሙያው እንደ ፈራው በጅረቱ በኩል ጠርዙ ተናደ። ድምፅ እንኳ አላሰማም። አረንጓዴው ውኃ ከቡኒው ጋር ተቀላቀለ፤ ከዚያ ኩሬና ጅረት አንድ ሆኑ።

ዓሦቹ ሲሄዱ አየኋቸው። ጀርባቸው ብልጭ እያለ፣ በየእንሰቱ ሥር እየተንደፋደፉ፣ ወደ ዋናው ውኃ። "ያዢ! ያዢ!" ትላለች ጎረቤቴ፤ ምኑን ልያዝ? ጣሳውን አንስቼ መታሁት። አዎ፣ እየጮህኩ ጣሳ መታሁ። የለመዱት ጥሪ ነውና የሚመለሱ መስሎኝ። ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ እስክታስቆመኝ ድረስ መታሁ።

ውኃው ሲጎድል ከኩሬው ግርጌ ጥቂት ቆሮሶዎች ጭቃ ላይ ቀርተው አገኘን። በሳፋ አውጥተን የዝናብ ውኃ ባጠራቀምኩበት በርሜል ውስጥ ጨመርናቸው። ጾመኛዋን ፈለግኋት፣ አልነበረችም። አፏን እንደ ዘጋች ሄዳ ይሆናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው አልኩ ለራሴ። ጎረቤቴ ተረቱን ታውቃለች፤ አልተረተችብኝም። እግሬን በሙቅ ውኃ አጥባኝ ሄደች።

በማግስቱ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ እኔው ደወልኩ። በምስል ነው የደወልኩት። ማካፋት እንጂ ትልቅ ዝናብ አልነበረም፤ በደንብ ይሰማል። ልጄ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ወፍራም ሹራብ ለብሶ። እዚያ መሽቷል።

"ዓሦቹ ሄዱ" አልኩት። "ጎርፍ ወሰዳቸው። ጥቂት ነው የተረፉት፣ በርሜል ውስጥ ናቸው፤ እነሱም ሳይሞቱ ድረሱ። ሰመር እኮ አለቀ።"

"የምን ሰመር ነው ያለቀው እማ?"

"ትመጣላችሁ ያልከኝ ነዋ።"

ግራ ገብቶት አየኝ። "እማ፣ ሰመር ገና አልገባም። እዚህ አሁን ብርድ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ነው ያልኩሽ።"

"ታኅሣሥ?"

"አዎ፣ ታኅሣሥ። ሰመር።"

በታኅሣሥ እዚህ ቡና ይለቀማል። አቧራ ይነሣል። በታኅሣሥ ሰመር ነው ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

"አባትህ ጅማ የሚሄደው በምን ወር ነበር?" አልኩት። "እኔና አንተ በዚህ ቤት የምንጠብቀው በምን ወር ነበር? ሰመር መቼ ነው የሚሞተው ብለህ የጠየቅኸኝ አንተ አይደለህም?"

የሹራቡን እጅጌ ሳብ ሳብ አደረገ።

"ረሳሁት" አለ።

ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው የጎረቤት ስም ይረሳል፣ መንገድ ይረሳል። ልጄ የረሳው እናቱ ቤት ዝናብ የሚዘንብበትን ወር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ግድግዳ ስቀባ፣ ወንፊት ይዤ ጭቃ ላይ ስቆም፣ ሁለታችን ወደ አንድ ቀን እየሄድን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እየተጠበቀ መሆኑን እንኳ አያውቅም ነበር። ስልኩን ልዘጋው አውራ ጣቴን አነሳሁ፤ እንደ እውነቱ ከሆነ በዚያች ሰዓት ልጄን ጠላሁት።

"እማ" አለ፤ "ኩሬውን አሳይኝ።"

"ምን አለው? ጭቃ ነው።"

"ጭቃውን አሳይኝ።"

ተነሥቼ ወረድኩ። ስልኩን ወደ ፊት አዙሬ ያዝኩለት። የተናደውን ጠርዝ፣ የተኛውን እንሰት፣ ግርጌው ላይ የቀረውን ቡኒ ውኃ አሳየሁት። ቀስ ብዬ ሳዞር አንድ ነገር አይቶ፣ "እዚያ ጋ መልሺው" አለኝ። ውኃው ያልወሰደው ነገር ነበር፤ ከዋንዛ ግንድ የተቆረጠች፣ መሀሏ በመቀመጥ ብዛት የጎደጎደች ጉቶ። እስከ ወገቧ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብታለች።

"ምንድነው እሱ?"

"መቀመጫው ናት" አልኩት። "እዚያ ላይ ሆኖ ነው አንተን የሚያወራህ።"

ስልኩ ውስጥ የተቆራረጠ ድምፅ ሰማሁ። ኔትወርኩ የተበላሸ መስሎኝ "ሃሎ? ሃሎ?" አልኩ። ወደ ራሴ አዙሬ አየሁት። አልተቆረጠም። ልጄ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርዝ በአንድ እጁ ይዞ፣ አጎንብሶ፣ "አባዬ፣ አባዬ" እያለ ነበር።

ሊይዘው የሚችል ሰው አጠገቡ አልነበረም። ሚስቱና ልጁ ተኝተዋል፤ ጎረቤት የለ፣ ዕድርተኛ የለ። እዚህ ቢሆን ግራና ቀኙን ይዘው ያቆሙት ነበር። አይዞህ ልለው ፈለግሁና ተውኩት፤ አይዞህ የሚባለው በኋላ ነው። "አውጣው ልጄ" አልኩት። "አውጣው።" ዝናቡ በረታ፤ የነጠላዬን ጠርዝ ስልኩ ላይ ጣል አድርጌ፣ እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ይዤ፣ እስኪጨርስ ድረስ እዚያው ጭቃው ላይ ቆምኩ።